የሠራተኛ ቅነሳ፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ የሥራ ስንብት ክፍያን አይተካም

በኢትዮጵያ ሥራውን ላጣ ሠራተኛ በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። በመሆኑም አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን ሲቀንስ፣ ተሰናባቹ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርበት ዋነኛ ገንዘብ አሠሪው በሕግ መሠረት የሚከፍለው ነው። ይህን ክፍያ የሚወስነው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን፣ የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

በቅነሳ ወቅት ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የሁለት ወር ደመወዝ ተቀብሎ የወጣ ሠራተኛ መብቱን ሁሉ ያገኘ ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የተቀበለው ከመብቱ አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ውሉ በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ሲቋረጥ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ውሉ የሚቋረጥበትን ምክንያትና ቀን መግለጽ አለበት። አሠሪው ይህን ጊዜ ሳይጠብቅ ሠራተኛውን ወዲያውኑ ካሰናበተ፣ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል። ይህ ክፍያ የሚፈጸመው ከሌሎች ክፍያዎች በተጨማሪ እንጂ በእነርሱ ምትክ አይደለም።

የሥራ ስንብት ክፍያ

የስንብት ክፍያ የአገልግሎት ዘመንን መሠረት ያደርጋል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት፣ በመጨረሻው የሥራ ሳምንት የነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ሆኖም ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ውሉ የተቋረጠው በሠራተኛ ቅነሳ ወይም ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ከሆነ፣ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል።

ለምሳሌ አማካይ የቀን ደመወዙ 400 ብር የሆነና 6 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በቅነሳ ቢሰናበት ስሌቱ እንደሚከተለው ይሆናል፦

• ለመጀመሪያው ዓመት፦ 12,000 ብር
• ለቀሪዎቹ 5 ዓመታት፦ 20,000 ብር
• ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ፦ 24,000 ብር
• የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ክፍያ፦ 24,000 ብር

ጠቅላላ ድምሩ ተቀናሽ ሳይታሰብ 80,000 ብር ነው። ሠራተኛው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ተቀብሎ ቢቀር 56,000 ብር ያጣል ማለት ነው። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ካለም በገንዘብ ተተምኖ ይከፈላል።

የጊዜ ገደቦች

አሠሪው ክፍያውን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። በመጠኑ ላይ ክርክር ቢነሣ እንኳ፣ አሠሪው ያመነበት ገንዘብ በዚሁ ጊዜ ይከፈላል።

ከውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቅነሳው ሕጋዊ አይደለም ብሎ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚፈልግ ሠራተኛ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። የማስጠንቀቂያ ክፍያ ተቀብሎ ወዲያውኑ የተሰናበተ ሠራተኛ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ጊዜው የሚቆጠረው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን እንጂ ክፍያ የተሰጠበት ሁለት ወር ካለቀ በኋላ አለመሆኑን ነው።

ሠራተኛው ምን ያድርግ?

የስንብት ደብዳቤውን፣ የሥራ ውሉንና የመጨረሻ ወራት የደመወዝ ማስረጃዎቹን በእጁ ይያዝ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነጻ የማግኘት መብት ስላለው ይጠይቅ። “ምንም ቀሪ ክፍያ የለኝም” በሚል ሰነድ ላይ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱ ክፍያ ተለይቶ መጻፉን ያረጋግጥ።

ክፍያው ከጎደለ በመጀመሪያ ለአሠሪው በጽሑፍ ያመልክት፤ በአካባቢው ከሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ምክር ይጠይቅ። መፍትሔ ካላገኘ፣ የይርጋው ጊዜ ሳያልፍበት ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ማቅረብ ይችላል።