ከእኔ በኋላ ልጄን ማን ያይልኛል?

ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ። የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ከባድ ሐሳብ ነው።

መተማ ቆላ ነው። ሰሊጥ በሚታጨድበት በመስከረምና በጥቅምት ወባ ይበረታል። እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ልጇ መራመድም መናገርም አይችልም። እሷ ወባ ይዟት ተኝታለች። የሚያስጨንቃት ግን ትኩሳቱ አይደለም። «እኔ ብሞት ይህን ልጅ ማን ያጎርሰዋል? ማን ያጥበዋል?» እያለች ሳትተኛ ታነጋለች።

እናንተም እንዲህ ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ይህን ማሰብ ኃጢአት አይደለም፤ ሟርትም አይደለም። ከፍቅር የሚመጣ ጭንቀት ነው። ነገር ግን ጭንቀት በልብ ብቻ ሲያዝ ያድጋል፤ ሥራ ሲሠሩበት ይቀንሳል። ሥራው ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ልጁን ከሰው አትደብቁት። በዚህ ቆላ ብዙዎቻችን ከደጋ የመጣን ነን፤ ዘመድ ሩቅ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ይወቀው። ቡና ስትጠራሩ አብሯችሁ ይቀመጥ። ዛሬ አንዷ ታጉርሰው፣ ነገ ሌላዋ ትጠበው። ልጁም የሌላ ሰው እጅ ይለምዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

ሁለተኛ፣ ስለ ልጁ በደብተራችሁ ጻፉ። ምን ይበላል? የትኛው ምግብ ያንቀዋል? መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ይወስዳል? ምን ያስፈራዋል? ሲያመው በምን ያስታውቃል? ይህን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሦስተኛ፣ ኑዛዜ ጻፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ኑዛዜውን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ይፈቅዳል። ሙሉውን ራሳችሁ ጻፉት። «ይህ ኑዛዜዬ ነው» በሉ። ቀኑን ጻፉ፤ ፈርሙ። በ7 ዓመት ውስጥ ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስጡት፤ አለዚያ ዋጋ አይኖረውም። ልጁ 18 ዓመት ካልሞላው፣ ሁለቱም ወላጆች ባይኖሩ ሞግዚት የሚሆነውን ሰው በኑዛዜው መሰየም ይቻላል። አስቀድማችሁ ግን ሰውየውን «ትችላለህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ 18 ከሞላው ሞግዚት የሚሾመው ፍርድ ቤት ነውና እዚያ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ፍርሃቱ ጨርሶ አይጠፋም። እንቅልፍ የሚያስወስድ ያህል ግን ይቀላል።

የቤት ሥራ፦ ዛሬ ማታ ይህን ዓረፍተ ነገር በእጃችሁ ጨርሱ።

«ልጄ ደስ የሚለው ........ ሲሆን ነው።»

ደህና እደሩ።