የማይገድል 8,000 ቮልት፦ ስለ ኤሌክትሪክ አጥር

ባለፈው በጋ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ከክፍል በኋላ ቀርቦ ከአባቱ የተላከ ጥያቄ አቀረበልን። አባቱ በወንዝ ዳር ግማሽ ሄክታር በቆሎ ያለማሉ። ከርከሮና ጃርት ስላስቸገሯቸው ሌሊቱን በማማ ላይ ሲጠብቁ ያድራሉ፤ የተማሪው ታናናሽ ወንድሞችም በየተራ ስለሚያግዟቸው ጠዋት ትምህርት ቤት የሚደርሱት እንቅልፍ እየጣላቸው ነው። የመብራት መስመር ወደ ቀበሌያቸው ከገባ ወዲህ ግን አባትየው አንድ መላ ዘይደዋል፤ በእርሻው ዙሪያ ሽቦ ዘርግቶ ማታ ማታ ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት። የጠየቁት ምን ዓይነት ሽቦ እንደሚሻል ብቻ ነበር።

እንዲተዉት ዛሬውኑ ደውለህ ንገራቸው አልነው። በህንድ አገር የእርሻ አጥር በዚሁ መንገድ ከመብራት መስመር ጋር እየተገናኘ በርካታ ዝሆኖችና ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹም መካከል ሽቦውን የዘረጉት ገበሬዎች ራሳቸው ይገኙበታል። ተማሪው ግን በዋዛ የሚመለስ አልነበረም። «ለእንስሳት የሚሠራው አጥር 8,000 ቮልት አለው ይባላል፤ ስምንት ሺው ካልገደለ 220ው እንዴት ይገድላል?» ሲል ሞገተን። ጥያቄው ለፈተና የሚበቃ ነውና መልሱን ለአንባቢያንም ልናካፍል ወደድን።

ከ220ው እንጀምር። የሰውን አካል ሬዚስታንስ በግርድፉ 1,000 ኦህም ብንል፣ በኦህም ሕግ መሠረት 0.22 አምፔር ያልፍበታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚደርስ ተለዋዋጭ ጅረት የእጅን ጡንቻ ጨምድዶ ሽቦውን መልቀቅ ይከለክላል፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ሰከንድ ያህል ከቆየ ደግሞ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። በዚህ ላይ የቤቱ ፊውዝ ለ10 አምፔር የተሠራ ከሆነ 0.22 አምፔርን ከአንድ አምፖል ለይቶ አያውቀውም። ፊውዙ ሳይቃጠል በእያንዳንዱ ሰከንድ 48 ጁል ያህል ኢነርጂ በአካሉ ውስጥ ይፈስሳል።

ኢነርጃይዘር የሚባለው የአጥር መሣሪያ አሠራር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በውስጡ ያለው ካፓሲተር ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ለምሳሌ 6 ማይክሮ ፋራድ የሚይዝ ካፓሲተር 600 ቮልት ሲደርስ በውስጡ 1 ጁል ያህል ይከማቻል። ከዚያም በአንድ ጊዜ በትራንስፎርመር በኩል ይለቀቅና ቮልቴጁ ወደ ስምንት ሺህ ከፍ ይላል። ይህ ምት የሚደገመው በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። እንስሳው ሲነካው ቮልቴጁ ወዲያው ይወርዳል። በ500 ኦህም አካል ላይ 3,000 ቮልት ቢያርፍ ጅረቱ 6 አምፔር፣ አቅሙም 18,000 ዋት ይሆናል፤ ታዲያ 1 ጁል በዚህ ፍጥነት ስንት ጊዜ ይቆያል? ከሰከንድ አንድ አሥራ ስምንት ሺህኛውን! ለነርቭ ይህ በቂ ነው፤ ሕመሙ ይሰማል። የልብ ጡንቻ ግን ዘገምተኛ ስለሆነ እንዲህ ላለው አጭር ምት ብዙም ምላሽ አይሰጥም። በምቶቹ መካከል ያለው ዕረፍትም የነካው ለመሸሽ ጊዜ ይሰጠዋል። በበጋ ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ብልጭታም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ያለው መሆኑን ልብ ይሏል።

ዓለም አቀፉ ደረጃ በ500 ኦህም ላይ ከ5 ጁል ያልበለጠ ምት ይፈቅዳል። ይህ ሲባል አጥሩ መጫወቻ ነው ማለታችን አይደለም። ሁለት ኢነርጃይዘር በአንድ ሽቦ ላይ ማገናኘት ወይም እሾሃማ ሽቦን ማስነዘር ክልክል ነው፤ የተያዘ ሰው መሸሽ አይችልምና።

የዚህ ጥበብ አገር ኒውዚላንድ ናት። በ1930ዎቹ ቢል ጋላገር የተባለ ሰው መኪናውን የሚታከክበትን ፈረስ ለማባረር ብሎ የጀመረው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በዳግ ፊሊፕስ የካፓሲተር ዘዴ ተሻሻለ። በጎረቤታችን ኬንያም የአበርዴርን ተራሮች የሚከብበው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አጥር በ1989 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቅቋል። ዝሆኖች ግን ጥርሳቸው ኤሌክትሪክ በቀላሉ እንደማያስተላልፍ ስለሚደርሱበት ሽቦውን በጥርሳቸው ይበጥሳሉ። ፊዚክስ ያለ መምህር የተማሩ ናቸው።

በአሜሪካ ለውሾች የሚቀበረው የመሬት ውስጥ አጥር በስም እንጂ በሥራ አይመሳሰልም። የተቀበረው ሽቦ ደካማ የሬዲዮ ምልክት ብቻ ያስተላልፋል፤ የሚያስጠነቅቀውም የሚነዝረውም በውሻው አንገት ላይ ያለው ማሰሪያ ነው። ማሰሪያ ያላደረገ ጅብ እንዳሻው ይገባል። ስለዚህ ለአባትየው አይጠቅማቸውም።

አጥር ሲተከል በእጅጉ የሚዘነጋው መሬቱ ነው። ምቱ ከሽቦው ወደ እንስሳው፣ ከእንስሳው ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩም ወደ መሣሪያው ካልተመለሰ ዙሩ አይዘጋም። በሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ የማትነዘረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዚንክ የተቀቡ ሁለት ሁለት ሜትር የሆኑ ሦስት የብረት ዘንጎች በሦስት ሜትር ርቀት ይቀበራሉ፤ ቢቻል እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ይህም ላይበቃ ይችላል። ያን ጊዜ ከሦስቱ ሽቦዎች መካከለኛው ከዘንጎቹ ጋር ይያያዛል፤ ሁለት ሽቦ በአንድነት የነካ እንስሳ አፈሩ ቢደርቅም አያመልጥም። ዝቅተኛው ሽቦ በከርከሮ አፍንጫ ቁመት ይሁን፤ እርጥቡ አፍንጫ ከጠጉሩ ይልቅ ያስተላልፋልና። ሣሩም መታጨድ አለበት፤ ሽቦውን የነካ እያንዳንዱ ቅጠል ምቱን ይጋራል።

ወደ ወጪው እንለፍ። 1 ጁል በየሰከንዱ ማለት 1 ዋት ነው፤ የመሣሪያውን ብክነት ጨምረን 2 ዋት እንበል። በ24 ሰዓት 48 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት ባትሪ 4 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ሦስት ደመናማ ቀናትን ለመሻገርና ባትሪውን ከግማሽ በታች ላለማውረድ 24 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። በቀን አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ካለ 10 ዋት ሶላር በስሌት ይበቃል፤ ለአቧራውና ለብክነቱ ሲባል 20 ቢሆን ይመረጣል። ከመብራት መስመር የሚሠራ ኢነርጃይዘርም አለ፤ እርሱ መስመሩን ከአጥሩ በትራንስፎርመር ይለያል።

ገንዘቡን በብዛት የሚበላው ግን ዙሪያው ነው። 100 በ50 ሜትር የሆነው የአባትየው ማሳ 300 ሜትር ዙሪያ አለው፤ በሦስት መስመር 900 ሜትር ሽቦ፣ በየ10 ሜትሩ 30 ካስማ፣ 90 ኢንሱሌተር። አራት ጎረቤታሞች ለየብቻ ቢያጥሩ 1,200 ሜትር ይሆናል። ማሳቸውን በአንድነት 200 በ100 አድርገው ቢያጥሩ ግን 600 ሜትር ብቻ፤ ኢነርጃይዘሩም አንድ ይበቃል።

ይህን ጽፈን ሰጠነው። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ፣ አባቱ ሐሳቡን እንደተቀበሉ፣ ከጎረቤቶቻቸው አንዱ ግን ለልጆቹ ፈርቶ እንደቀረ ነገረን። ለሦስቱ ዙሪያው 500 ሜትር፣ የየአንዳንዱ ድርሻም ከ150 ወደ 167 ሜትር ሆነ። ተማሪው አዲሱን ስሌትና ለአራተኛው ጎረቤት የሚነበብለትን የልብ ጡንቻውን ማብራሪያ ይዞ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሄዷል።