ከቤቱ ርቆ በአዳሪ ተማሪ ቤት ስለሚኖር ልጅ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በገጠር ተማሪ ቤት ብልጫ ያገኙ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው ወደ አዳሪ ተማሪ ቤት ይኼዳሉ። ቀኑ ለቤተ ሰቡ የደስታ ቀን ነውና ስንቅ ይሰነቃል፤ ልብስ ይታጠባል፤ ሽማግሌዎችም ይመርቃሉ። ነገር ግን ሦስት ወይም አራት ሳምንት እንዳለፈ ከነዚሁ ልጆች አንዳንዱ ጓዙን ሸክፎ ወደ አገሩ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሰዎች «ሰነፍ ነው፤ ትምህርቱ ከበደው» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ግን የከበደው ትምህርቱ ሳይኾን ሌሊቱ ነው።

ለትምህርት ሲባል ከቤት መለየት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ ለመማር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ቅኔ ለመቍጠር ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ፣ ደበሎ ለብሶ አኵፋዳ አንግቶ በእግሩ የተጓዘው ተማሪ ስፍር ቍጥር የለውም። የወሎም ደረሳ ዕውቀት ፍለጋ ከሼኽ ወደ ሼኽ ሲዞር ኖሯል። ይህ ተማሪ በየደጁ ለምኖ ይበላ፣ ከውሻም ጋራ ይታገል እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያውቁታል። ኾኖም አንድ ትልቅ ነገር አልጐደለበትም፤ ይኸውም ብቻውን አለመኾኑ ነው። በጎጆው ውስጥ ጥቂት ባልንጀሮች አብረውት ያድራሉ፤ ታላቁ ለታናሹ ያስቀጽለዋል፤ የኔታም ኹሉን በየስሙ ያውቁታል። በ1917 ዓ.ም. እንደ ተከፈተው እንደ ተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት፣ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ እንደ ተከፈተው እንደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ያሉት አዳሪዎችን መቀበል ከዠመሩ ወዲህ፣ ዛሬም በልዩ ልዩ ክልል ባሉት አዳሪ ተማሪ ቤቶች፣ አልጋውም ምግቡም የተሰናዳ ነው። ነገር ግን ብዙ አልጋ በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ አዲሱ ልጅ ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ሳያገኝ ሊሰነብት ይችላል። ስለዚህ ከቀደመው ሥርዓት ብንወስድ የሚጠቅመን ልመናው ሳይኾን ይህ የታላቅና የታናሽ ባልንጀርነት ነው፤ ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ አንድ የቆየ ተማሪ ቢመደብለት ወጪ የለውም።

ናፍቆት በሽታም ስንፍናም አይደለም፤ ደፋሩንም ልጅ ያገኘዋል። ቀን በትምህርትና በጨዋታ ተይዞ ሳለ አይታወቀውም፤ ሲመሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ በእሑድና በበዓል ቀን ግን ይበረታበታል። አንዳንዱ ልጅ ሳያለቅስ ሆዱን ይቈርጠዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ ምግብ ይጠላል፤ ትንሹም በመኝታው ላይ ሊሸና ይችላል። አስተማሪ ይህን ሲያይ አስቀድሞ ለሐኪም ያሳየው። ሐኪሙም ምንም ባያገኝበት «ታስመስላለህ» አይበለው፤ ሕመሙ የተነሣው ከሐሳብ ቢኾንም ሕመምነቱ እውነት ነውና። ለብዙዎቹ ልጆች ይህ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይኼዳል።

ሌላው ጭንቅ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ወላጆችም አይጠረጥሩትም። በመንደሩ አንደኛ የነበረው ልጅ እንደ እርሱ ካሉ አንደኞች ጋራ በአንድ ክፍል ሲቀመጥ አሥራ አምስተኛ ይወጣል። አባቱ ግን በአገር ሁሉ ፊት አመስግኖት ሸኝቶታል። አነጋገሩ የአገሩን ዘዬ የያዘ፣ ወይም አፍ የፈታበት ቋንቋ ሌላ እንደ ኾነ የከተማ ልጆች ይሥቁበታል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም «አንደኛ ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ሐሰት ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሐሰቱ እንዳይገለጥበት ለዕረፍት መመለስን እንኳ ይፈራል። ስለዚህ ልጁ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» መኾን የለበትም። «ከማን ጋራ ትበላለህ? ባልንጀራህ ማነው?» ቢባል ይሻላል፤ የሚያስፈልገውም ወሬ የሚገኘው ከዚህ ነው።

መሰናዶው ክረምቱን በመንደር ይዠመር። ልጁ በአክስቱ ወይም በአጎቱ ቤት ጥቂት ሌሊት ይደር፤ ልብሱን ማጠብንና ገንዘቡን መጠበቅን ይልመድ። ሲሰናበት «ካልተመቸህ በማግሥቱ እንወስድሃለን» የሚሉት ወላጆች በደግነት ተሳስተዋል፤ ልጁ ዐይኑን በመንገዱ ላይ ተክሎ ይቀራልና። «ከተመለስህ ደጄን አትረግጥም» የሚለው አባት ግን የባሰ ስሕተት አድርጓል፤ ይህን የሰማ ልጅ ክፉ ነገር ቢደርስበት እንኳ አይናገርም። «እስከ ገና ታገሥ፤ ያን ጊዜ ተቀምጠን እንነጋገራለን» ማለት ይበቃል።

ደብዳቤ ለሚጽፉ ሽማግሌዎችም የምንለው አለን። እናት «ካንተ ወዲህ እህል አልቀመስሁም» ብላ ብታስጽፍ ይህን ጸሐፊው ያለዝበው፤ ይልቅስ ላሚቱ መውለዷን፣ ጤፉ ማሸቱን ይጻፍለት። በስልክም የሚነጋገሩ እንደ ኾነ ቀን ቈርጠው በብርሃን ይደውሉ፤ በየማታው በመኝታ ሰዓት መደወል ቍስሉን መነካካት ነው። የዘመድ ሞት ግን እስከ ክረምት አይደበቅበት፤ ከመንገደኛ አፍ የሰማው እንደ ኾነ ከዚያ ወዲያ የቤቱን ቃል አያምንም።

ኹሉንም ግን ናፍቆት ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ወር ካለፈ በኋላ እየከሳ የሚኼድ፣ ትምህርቱን ጨርሶ የተወ፣ ሞትን የሚያነሣ ልጅ ሐኪምና የቅርብ ሰው ያስፈልገዋል። ታላላቅ ተማሪዎች የሚደበድቡት፣ ገንዘቡን የሚቀሙት፣ ወይም ሰውነቱን ያለ አግባብ የሚነካው ሰው ያለ እንደ ኾነ ይህ በደል ነው፤ ልጁም ሲናገር ይታመን። ነገሩ ለዲሬክተሩና ለሕግ ይነገር እንጂ በሽምግልና አይድበስበስ። ሴት ልጅም ከመኼዷ በፊት ስለ ወር አበባ ከእናቷ ወይም ከሴት አስተማሪ ተረድታ፣ የሚያስፈልጋትን ጨርቅ ይዛ ትኺድ። ወንዱም ሴቷም ከመነሣታቸው በፊት ችግር ሲመጣ የሚነግሯቸው የሁለት ሰዎች ስም፣ አንዱ በተማሪ ቤቱ ውስጥ ያለ፣ አንዱ ከውጭ የኾነ፣ በደብተራቸው ላይ ተጽፎ ይሰጣቸው።