የአጎቴ ካሜራና የእኔ ስልክ

ባለፈው ክረምት ስልኬ ሞተብኝ። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቼው ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ ድርግም ብሏል። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ወንድሜ፣ ቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ብትገዛ ይሻልሃል» አለኝ። የዋጋውን ነገር ተዉት። ውስጡ አያቴን ከማረፏ በፊት ያነሳኋት ፎቶዎች ነበሩ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኳቸውም። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ግን አንጀት ያቃጥላል።

ደሴ ሄጄ ይህንን ለአጎቴ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና ከቁም ሳጥኑ ላይ የቆዳ ቦርሳ አወረደ። ፔንታክስ ኬ1000። ሠርግ ለሠርግ እየዞረ ልጆቹን ያሳደገበት ካሜራ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ማንም አልነካውም፤ ባትሪም የለውም። አጎቴ ማጠንጠኛውን ሳብ አድርጎ ተጫነው። «ቀጭ!»

«አየህ፣ ይሠራል» አለኝ።

እንዴት? ኬ1000 እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቶ እስከ 1997 የተመረተ ካሜራ ነው። የሰዓት ባትሪ የምታክለው ባትሪው የምታገለግለው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ጥርስና ሞላ ነው። ማጠንጠኛውን ስትስቡ ሞላው ይወጠራል፤ ስትጫኑ መስታወቱ ይነሳል፣ የጨርቅ መጋረጃው ተከፍቶ ይዘጋል። በቃ።

ታዲያ አሮጌ ሁሉ ጠንካራ ነው እንዳትሉ። በዚያው በ1976 የወጣው ካነን ኤኢ-1 መጋረጃው የሚታዘዘው በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ባትሪ ከሌለ ፎቶ የለም። ደግሞ እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዛሬ የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው። የእንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ዶን ማኩሊን ኒኮን ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ካምቦዲያ ውስጥ ጥይት ማስቆሙን ዓለም ያወራል። ተበላሽተው የተጣሉትን ግን ማን ያወራላቸዋል?

የአጎቴም ካሜራ ቢሆን እንከን አላጣም። ከውጭ በመጣ ሰው በኩል አንድ ፊልም አገኘሁ፤ ሠላሳ ስድስት ፎቶ። ታጥቦ ሲመጣ ግማሹ ላይ ነጭ ጭረት ወርዶበታል። ለካ በኋላ በሩ ዙሪያ ብርሃን የሚከለክለው ስፖንጅ በእርጅና ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። አጎቴ በክብሪት እንጨትና በአልኮል ጠረገው፤ በቦታው ጥቁር የሱፍ ክር አጣበቀ። ወጪው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ሁለተኛው ፊልም ንጹሕ ወጣ።

ለእኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ካሜራው የቆየው ስለማይበላሽ አይደለም፤ ብልሽቱ በዓይን ስለሚታይና በእጅ ስለሚጠገን ነው። የስልኬ ብልሽት ግን ለባለሙያውም «ሌላ ግዛ» ከማለት በቀር መንገድ አልሰጠውም።

ስልካችሁን ጣሉ እያልኩ አይደለም። ሒሳቡ ወዲያም ወዲህም ነው። በዓመት ሲካፈል የአጎቴ ካሜራ እጅግ ርካሽ ነው። በፎቶ ሲካፈል ግን ስልክ ያሸንፋል፤ በፊልም እያንዳንዷ «ቀጭ» ገንዘብ ናት፤ ፊልሙ አለ፣ ማሳጠቢያው አለ። እኔ ሁለት ፊልም ጨርሼ ኪሴ ጮኋል።

ግን አሮጌ ካሜራ ልግዛ የሚል ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የኋላ በሩን ክፈቱ። ስፖንጁን ንኩት፤ ጣት ላይ ከተጣበቀ መቀየር አለበት። ፍጥነቱን አንድ ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ቢንገታገት ወይም መሀል ላይ ቢቀር ቅባቱ ደርቋል ማለት ነው። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅኑት፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት።

ከደሴ ልመለስ ስል አጎቴ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣ። ውስጡ የድሮ ኔጋቲቭ ነው። አንዱን ወደ መስኮቱ አነሳሁት፤ አያቴ፣ በአክስቴ ሠርግ ላይ፣ እየሳቀች። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ቢሆንም ሳቋን አላጣሁትም።

በአዲሱ ስልኬ አነሳሁት። በዚህኛው ጊዜ ግን ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት። ቆርቆሮውን ሲቆጥሩ፣ ሦስት።