ከአፈር ወይስ ከፋብሪካ? የናኖ ቅንጣቶች ተረትና እውነታ

«ወንዝ ውስጥ የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣት ከተገኘ የፋብሪካ ሥራ ነው።»

አይደለም። ናኖ የመጠን ስም ነው፤ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለካ ቅንጣት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። እሳተ ገሞራ ይተፋዋል፣ ሰደድ እሳት ያስነሳዋል፣ ድንጋይም ቀስ በቀስ ሲፈረፈር ይፈጠራል። የደጋውን አፈር ቀይ ካደረጉት የብረት ኦክሳይዶች ውስጥ ብዙዎቹ በዚህ መጠን የሚገኙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካዊው ሪቻርድ ብሌክሞር ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቃቸው ባክቴሪያዎች ደግሞ የማግኔታይት ቅንጣቶችን በሰውነታቸው ውስጥ ሠርተው፣ በሰልፍ ደርድረው፣ የመሬትን መግነጢስ ተከትለው ይዋኙባቸዋል። እኛም ከዚህ አንወጣም፤ ፌሪቲን የተባለው ፕሮቲን በሰውነታችን ብረት የሚያከማቸው 8 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ባለው እምብርቱ ውስጥ ነው።

«ጥሩ ማይክሮስኮፕ ካለ የፋብሪካው ከተፈጥሮው በዓይን ይለያል።»

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቅርጹን ያሳያል። ነገር ግን የተስተካከለ ቅርጽና ወጥ መጠን ጥርጣሬ ይጭር ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ እነዚያ ባክቴሪያዎችም የተስተካከለ ክሪስታል ይሠራሉና። ከዚያም በላይ፣ ውሃ ውስጥ የገባ የፋብሪካ ቅንጣት ብዙም ሳይቆይ የብስባሽ ሽፋን ይለብሳል፣ ከሸክላ አፈር ጋርም ይጣበቃል።

ምንጩን የሚያጋልጠው አጃቢው፣ ማለትም አብሮት የሚገኘው ሌላ ንጥረ ነገር ነው። ሴሪየም የተባለውን ንጥረ ነገር እንውሰድ። በመሬት ቅርፊት ውስጥ ሴሪየም ከላንታነም ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል፤ መጠኑም የላንታነምን እጥፍ ያህል ነው። ለመስታወት ማለስለሻ ወይም ለናፍጣ ጭማሪ ተጣርቶ የተዘጋጀ ሴሪየም ኦክሳይድ ግን ብቻውን ነው ማለት ይቻላል። ከአፋር የሚመጣ አሞሌ ከነባዕድ ነገሩ ሲመጣ፣ የፋብሪካ ጨው ታጥቦና ነጥሮ እንደሚቀርበው ማለት ነው። ችግሩ አንድን ቅንጣት ነጥሎ መመርመሩ ነበር። አሁን ናሙናው በጣም ይቀጥንና ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ብዙ ሺህ ዲግሪ ወደሚግል የአርጎን ፕላዝማ ይገባሉ። እያንዳንዱ ከሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተኖ ብልጭ ይላል፤ የመጠነ ቁስ መለኪያ መሣሪያውም በዚያች ቅጽበት ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በአንድ ላይ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቪየናና በዙሪክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ስልት ኮምፒውተር ራሱ ከመረጃ ከሚማርበት ዘዴ ጋር አዋህደው፣ አፈር ውስጥ የጨመሩትን የፋብሪካ ሴሪየም ከተፈጥሮው መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ግን ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። የተፈጥሮው ቅንጣት በጣም ትንሽ ሲሆን በውስጡ ያለው ላንታነም ከመሣሪያው የማየት አቅም በታች ይወርዳል፤ ሴሪየሙ ብቻውን የቆመ ይመስላል። ንጹሕ የመሰለ ሁሉ የፋብሪካ አይደለም።

ታይታኒየምም በአጃቢው ይመረመራል፤ የተፈጥሮው እንደ ኒዮቢየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ይዞ ይመጣል። በቪየና «አሮጌው ዳኑብ» በሚባለው የመዋኛ ሐይቅ ውስጥ ታይታኒየም ከነዚህ አጃቢዎቹ አንጻር በበጋው የመዋኛ ወቅት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የተጠረጠረው ዋናተኞች የሚቀቡት የፀሐይ መከላከያ ነው። ለኛ አገር ግን የቪየናን ቁጥር መዋስ አያዋጣም። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከፈሰሰው የሰሜን ምዕራብ ደጋ ባዛልት ውስጥ በላሊበላ አካባቢ ያለው በታይታኒየም የበለጸገ ነው። በዚያ የሚታጠብ ደለል ውስጥ ጠቅላላ ታይታኒየም ለክቶ «ብክለት አገኘሁ» የሚል ሰው የለካው ተራራውን ነው።

«የተፈጥሮው አይጎዳም፤ የሰው ሠራሹ ነው የሚጎዳው።»

ጉዳቱን የሚወስነው ቅንጣቱ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሟሟ፣ ምን እንደተሸከመና መጠኑ ነው። የተፈጥሮ ብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት እርሳስን ተሸክሞ ከአፈር ወደ ወንዝ ሊያጓጉዝ ይችላል። ልዩነቱ የሚጠቅመው ለሕግ አውጪው ነው፤ አምራችን ማስቆም ይቻላል፣ ድንጋይን ማስቆም ግን አይቻልም።

«ቢያንስ የብር ናኖ ቅንጣት ግን ከፀረ ሽታ ካልሲ ነው የሚመጣው።»

ካልሲው ሲታጠብ ብር መልቀቁ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተራ የብር ጌጥና የመመገቢያ ዕቃ ጭምር እርጥበት ባለበት ናኖ ቅንጣት እንደሚያፈልቁ አሳዩ፤ የአንገት መስቀላችንም ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም። ከብስባሽ የሚገኝ ሂዩሚክ አሲድም በውሃ የሟሟን ብር መልሶ ናኖ ቅንጣት ያደርገዋል። በፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ደግሞ ብሩ ከሰልፈር ጋር ተዋህዶ ብር ሰልፋይድ ይሆናል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የካልሲው ብርና በሌላ መንገድ ሟሙቶ የገባው ብር አንድ ዓይነት ቅንጣት ይሆናሉ፤ ብቻውን የሚቆመውን ከታጀበው የሚለየው ያ መሣሪያም ሁለቱን አይለያቸውም።