ተጨማሪ መረጃ፦ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚሳል ፋስ

አንዳንድ የአናጺ ፋስ አንዱ ፊቱ እንደ መሮ ጀርባ ለጥ ያለ ነው፤ ስለቱ የሚወጣው ከሌላኛው ጎን ተዳፋት ብቻ ነው። ለጥ ያለው ፊት እንጨቱን ታኮ ስለሚወርድ ጥርቡ ሜዳ ይሆናል። የቀኝ እጅና የግራ እጅ ተብሎ የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

ሲሳል ድንጋዩ የሚነካው ተዳፋቱን ነው፤ ማዕዘኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ተዳፋቱን በማርከር ቀብተው አንዴ ቢያስነኩት ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ አያያዝዎን ያሳብቃል። ውሃ ውስጥ እየተነከረ የሚዞር ድንጋይ በደቂቃ 90 ዙር ገደማ ቢሽከረከር ነው፤ ደረቁ የኤሌክትሪክ ድንጋይ 3,000 አካባቢ ይደርሳል። በደረቁ ላይ ስለቱ በሰከንዶች ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሶ ጥንካሬው ለዝቧል።

ለጥ ያለውን ፊት ከጀርባ ወደ ስለቱ በጣት ሲዳብሱት ጫፉ ላይ የሚሻክር ቀጭን የብረት ከንፈር ካገኙ ተዳፋቱ በቅቶታል። ያንን ከንፈር ለማንሳት ፊቱን በእርጥብ መሳያ ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ ይበቃል። የሚቸኩል ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ጀርባውን ትንሽ ቀና ካደረጉት ሌላ ተዳፋት ይፈጠራል፤ ፋሱም እንጨቱን መያዝ ትቶ ወደ ውጭ ይሸሻል።