ያ ሾላ ምን በድሎን ነበር?

ዛሬ የማወጋችሁ የሌላ ሰው ገመና አይደለም፤ የራሴን ነው። ስም ግን አልጠራም። ሾላ በድፍን ይሁንልኝ! ነገሩም ደግሞ የሾላ ነገር ነው።

በ1986 ዓ.ም. በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በትምህርት ቤታችን ግቢ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። እዚያ ጥላ ሥር ነው ልቤ የጠፋው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እያየችኝ ሰንጢዬን መዥረጥ አደረግኩና በለስላሳው ቅርፊት ላይ ልብ ሳልኩ፤ በቀስት ወጋሁት፤ የሁለታችንን ስም መነሻ ፊደል ቀረጽኩበት፤ ከሥሩም «ለዘላለም» አልኩ። ከቁስሉ ወተት የመሰለ ነገር ሲንጠባጠብ «ዛፉም አለቀሰልን» ብዬ ቀለድኩ። እሷም ሳቀች። አይ ልጅነት!

«ለዘላለም» ያልነው ፍቅር ማትሪክ እንኳ አላደረሰንም። እሷም ሌላ አገባች፤ እኔም ትዳር ይዤ ልጅ ወለድኩ።

ባለፈው ዓመት የ14 ዓመት ልጄን «የተማርኩበትን ላሳይህ» ብዬ እዚያው ግቢ ወሰድኩት። ሾላው አለ። ግን ምን አለ ይባላል! ግማሽ ጎኑ ደርቋል። ግንዱ ዙሪያውን፣ የሰው እጅ የሚደርስበት ሁሉ፣ ስም፣ ልብ፣ ዓመተ ምሕረት፣ የኳስ ቡድን ሞልቶበታል። የኔዋ ጽሑፍ እዚያው ደረቴ ትክክል አለች፤ ጎኗ ሰፍቶ፣ አብጣ፣ ጠባሳ ሆና።

ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዘበኛ ዛሬ ሸምግለዋል።

«አባባ፣ ምን ነካው?» አልኳቸው።

«ሰው ነዋ የነካው!» አሉኝ። «የመጀመሪያዋ ይቺ ናት። ከሷ በፊት ማንም ደፍሮት አያውቅም። ከሷ ወዲህ ግን ከልካይ ጠፋ። አሁን ልጆች ላይ እንዳይወድቅ ይቆረጥ ተብሏል።»

እኔ ነኝ ልል አፌ ተሳሰረ። ልጄ ግን ጠጋ ብሎ አየና «አባዬ፣ ይቺ ያንተ ፊደል አይደለችም? ጎኗ ያለችው ግን የእማዬ አይደለችም! በል የኔንም ከጎንህ ልጻፈው» አይለኝም መሰላችሁ? ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ምነው በተቆጡኝ!

ኋላ አንድ የደን ባለሙያ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ያ ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ልጥ በኩል ነው። ልጡ ዙሪያውን ከተቆረጠ ሥሩ ይራባል፤ ዛፉም ቀስ በቀስ ይሞታል። የዛፍ ቁስል እንደኛ ገላ አይድንም። ዛፉ የተጎዳውን ክፍል ይዘጋዋል፣ ከላዩም አዲስ እንጨት ያለብሰዋል እንጂ። እስኪዘጋው ድረስ ግን ሻጋታውም ነፍሳቱም ይገቡበታል። ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው ከጫፉ ስለሆነም የጻፍነው ከነበረበት ከፍታ ንቅንቅ አይልም።

«እጣን የሚያመርተውስ ዛፍ ያደማ የለም ወይ?» የምትሉኝ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ያደማል። እሱ ግን እንጀራው ነው። የሚያውቅበት ሰው ጥቂት ቦታ ፋቅ ያደርጋል፤ ዛፉንም ያሳርፈዋል፤ ከልኩ ካለፈ ዛፉ እንደሚዳከም ያውቃላ! እኛስ? ለአንድ ከሰዓት ጨዋታ ብለን!

«የኔ አንዲት ፊደል ዛፍ አትገድልም» ትሉም ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ዛፉን የጎዳችው የኔ ፊደል ብቻዋን አይደለችም፤ ጠርታ ያመጣቻቸው ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። መትከሉ ደግ ነው። የቆመውን በሰንጢ እየወጋን ግን ምኑን ተከልነው?

ስለዚህ ወጣቶች፣ ምክሬን ስሙኝ። ፍቅራችሁን በወረቀት ጻፉት፤ ቢያልቅም ይቀደዳል። ከዚህ ቀደም ቀርጻችሁ ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ቀለምም ሬንጅም አትቀቡት፤ ዛፉ የራሱን ዘዴ ያውቃል፤ ተዉት። ልጆቻችሁም ሲያደርጉ ካያችሁ ከመቆጣት በፊት የራሳችሁን ንገሯቸው።

እኔም ነገርኩት። ዘበኛውንም «አባባ፣ የመጀመሪያው እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አውቄሃለሁ ልጄ። በል ክረምት ሲገባ ችግኝ ይዘህ ና» አሉኝ። ሐምሌ ላይ ከልጄ ጋር ሄደን ሁለት የሾላ ችግኝ ተከልን። በጋውን ውሃ የሚያጠጡልን እሳቸው ናቸው። ስም አልጻፍንበትም።

ልጄ ግን ቤት እንደገባ ሁሉንም ለእናቱ ዘከዘከላት። ባለቤቴ «ያቺ ሁለተኛዋ ፊደል የማን ናት?» እያለች ይኸው እስከዛሬ ታፋጥጠኛለች። እሱን ደግሞ... ሾላ በድፍን!

ቸር ይግጠመን።